ጃፓንኛ ሳያውቁ የአኪናን ቁልቁለት መውረድ

የጃፓኑ ሴጋ «ኢኒሻል ዲ ስትሪት ስቴጅ» የተባለውን የመኪና እሽቅድድም ጌም የሶኒ የኪስ ጌም መጫወቻ ለሆነው ለፒኤስፒ ያወጣው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2006 ነው። የእንግሊዝኛ ቅጂ አልተሠራለትም። ሜኑው፣ የገጸ ባሕርያቱ ንግግር፣ ከሣጥኑ ጋር የሚመጣው መመሪያ ሁሉ ጃፓንኛ ነው። እንዲያም ሆኖ ከጃፓን ውጭ ያሉ ብዙ ተጫዋቾች ዲስኩን በፖስታ እያስመጡ ተጫውተውታል፤ ፒኤስፒ ከገበያ ከወጣ ዓመታት ካለፉ በኋላም ያገለገለ ቅጂ የሚፈልጉ ሰዎች አሉ። አንዲት ፊደል የማያነቡበትን ጌም ገንዘብ ከፍሎ ማስመጣት ለተመልካች ግራ ያጋባል። እንደ እኔ ግን ጃፓንኛ ሳይችሉ ከሚገዟቸው ጌሞች ሁሉ ይህኛው የሚያጎድለው በጣም ትንሽ ነው። ተጫዋቹ የሚጠበቅበት ጥቂት የተራራ መንገዶችን በቃሉ መያዝ ነው፤ መንገድ ደግሞ አስተርጓሚ አይፈልግም። ከቋንቋው ይልቅ የሚጠቅመው ከጌሙ ጀርባ ያለውን ታሪክ ማወቅ ስለሆነ ከዚያ እንነሳ።

«ኢኒሻል ዲ» መጀመሪያ ማንጋ ነበር፤ ማለትም በተከታታይ የሚታተም የጃፓን የሥዕል ልቦለድ። ደራሲውና ሠዓሊው ሹዊቺ ሺገኖ ሲሆን፣ ኮዳንሻ በሚያሳትመው «ያንግ ማጋዚን» ላይ እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 2013 ወጥቶ በ48 ቅጽ ተጠናቀቀ። በ1998 አኒሜ፣ ማለትም የጃፓን ካርቱን ሆኖ በቴሌቪዥን ቀረበ። በጃፓን ውስጥ የታወቀ ስም የነበረውን ታሪክ በመላው እስያ ያዳረሰው ይኸው አኒሜ ነው፤ በ2005 ሆንግ ኮንግ ላይ የታይዋኑ ዘፋኝ ጄይ ቹ መሪ ተዋናይ የሆነበት ፊልም እስከመሠራት ደርሷል። የፒኤስፒው ጌም የወጣው ከፊልሙ በኋላ፣ ዝናው ገና ትኩስ ሳለ ነው።

ታሪኩ ታኩሚ ፉጂዋራ ስለሚባል ተማሪ ነው። አባቱ ቡንታ ቶፉ ይሠራል፤ ቶፉ ከአኩሪ አተር ወተት የሚረጋ፣ አይብ የመሰለ ለስላሳ ምግብ ነው። ታኩሚ ገና ጎህ ሳይቀድ በአባቱ አሮጌ መኪና ቶፉውን ተራራው ላይ ወዳለ ሆቴል ያደርሳል። ይህን ሥራ የጀመረው መንጃ ፈቃድ ከሚያስገኘው ዕድሜ ብዙ ዓመት ቀድሞ፣ በልጅነቱ ነው። አባቱ መኪናው ውስጥ ውሃ የተሞላ ኩባያ ያስቀምጥና «ውሃው እንዳይፈስ» ይለዋል። ሲሄድ ቶፉው እንዳይፈርስ ይጠነቀቃል፤ ሲመለስ መኪናው ባዶ ነው፣ እንቅልፉም አለ፣ ስለዚህ ይፈጥናል። በየቀኑ ያንኑ ቁልቁለት ሲወርድ ኖሮ፣ ሳያውቀው የአካባቢውን ስመ ጥር ነጂዎች የሚያስከነዳ ሰው ሆኖ ይገኛል። የሚገርመው ደግሞ ለመኪና ግድ የለውም፤ የሚነዳው መኪና ስሙ ማን እንደሆነ እንኳን በቅጡ አያውቅም። የመጀመሪያውን ውድድር የሚወጣውም አባቱ የመኪናውን ነዳጅ ሞልቶ እንደሚሰጠው ቃል ስለገባለት ነው ማለት ይቻላል።

ታኩሚ የሚወርደው ተራራ አኪና ይባላል፤ ስሙ ልብ ወለድ ነው። እውነተኛው ሃሩና ይባላል፤ ከቶኪዮ በስተሰሜን ምዕራብ በጉንማ ክፍለ ሀገር ይገኛል፣ አናቱ ላይ ሐይቅ፣ ከግርጌው በኩል የኢካሆ ፍል ውሃ አለ። በታሪኩ ውስጥ ያሉት ሌሎች መንገዶች ግን በእውነተኛ ስማቸው ነው የተጠሩት፦ አካጊ፣ ሚዮጊ፣ በጉንማና በናጋኖ መካከል ያለው የኡሱይ መተላለፊያ፣ በቶቺጊ ክፍለ ሀገር በኒኮ ከተማ ያለው ኢሮሃዛካ። ሁሉንም በካርታ ላይ ማግኘት ይቻላል። አድናቂዎች ሄደው ይጎበኟቸዋል፤ ኢካሆ ያለው የአሻንጉሊትና የመኪና ሙዚየምም የፉጂዋራን የቶፉ ሱቅ ገጽታ ለእይታ አቁሟል። በሃሩና ቁልቁለት ላይ ደግሞ የአካባቢው ባለሥልጣናት የሌሊት ተሽቀዳዳሚዎችን ለማስቆም አስፋልቱን ጎርባጣ አድርገውታል። የጎዳና ላይ እሽቅድድም በጃፓንም ወንጀል ነው፤ ሰው ገድሏል። ጌሙ ላይ ከብረት አጥሩ ጋር ስትላተሙ የምታጡት ሁለት ሦስት ሰከንድ ብቻ መሆኑ ራሱን የቻለ ውለታ ነው።

መኪናው ለእኛም ባዕድ አይደለም። ታኩሚ የሚነዳው ቶዮታ ስፕሪንተር ትሩኖ፣ በሻሲ መለያው ኤኢ86 የሚባለው፣ ከኮሮላ ቤተሰብ የተወለደ ነው። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ «ዲኤክስ» እየተባሉ ዕድሜ ጠገብ የሆኑት ኮሮላዎች ዘመዶቹ ናቸው። ቶዮታ በ1980ዎቹ የኮሮላ ሰዳኖችን የፊት ጎማ እንዲጎትታቸው አድርጎ ሲቀይር፣ ከ1983 እስከ 1987 የተሠራው ይህ ባለ ስፖርት ቅርጽ ወንድማቸው ግን የኋላ ጎማ እንደሚገፋው ቀረ። ሞተሩ 1,587 ሲሲ ነው፤ ጉልበቱ በዘመኑ የጃፓን ልኬት 130 ፈረስ። ክብደቱ ከአንድ ቶን በታች ነው። ርካሽ፣ ቀላል፣ ከኋላ የሚገፋ፦ ወጣት ነጂዎች ጥበቡን የሚማሩበት መኪና የሆነው በእነዚህ ምክንያቶች ነው። «የድሪፍት ንጉሥ» የሚባለው እውነተኛው የእሽቅድድም ነጂ ኬይቺ ሱቺያ ስሙን ያተረፈው በዚሁ መኪና ነው፤ አኒሜው ሲሠራም የመንዳቱን ክፍል በባለሙያነት ተከታትሏል። ነጭና ጥቁር ቀለሙ፣ ሲበሩ ብቻ ከኮፈኑ ብቅ የሚሉት የፊት መብራቶቹ፣ በሩ ላይ የተጻፈው የቶፉ ሱቁ ስም በጌሙም እንዳሉ ናቸው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ 130 ፈረስ ጉልበት ያለው አሮጌ መኪና 280 ፈረስ ያለውን ኒሳን ስካይላይን ጂቲ-አር እንዴት ያሸንፋል? ዳገት ላይ አያሸንፍም፤ ክርክርም የለውም። ታሪኩ ቁልቁለትን የሙጥኝ ያለው ለዚህ ነው። ወደ ታች ሲወረድ ስበቱ ሁሉንም ስለሚገፋ የሞተር ጉልበት ብልጫው ይቀንሳል፤ ዋናው ጉዳይ ፍጥነትን ማግኘት ሳይሆን መታጠፊያው አፍ ላይ መቀነስ ይሆናል። እዚህ ላይ ከባድ መኪና ዕዳ አለበት። ስካይላይኑ አራቱም ጎማ የሚገፋው፣ ወደ አንድ ቶን ተኩል የሚጠጋ ነው፤ በየመታጠፊያው ያንን ክብደት ማቆም ጎማውንም ፍሬኑንም ያደክማል፣ እየቆየም መኪናው ከመታጠፊያው ወደ ውጭ መሸሽ ይጀምራል። ቀላሉ መኪና ዘግይቶ ፍሬን ይይዛል፣ ቶሎም ይዞራል። ሊማሊሞን ወይም የዓባይ በረሃን ቁልቁለት በጭነት መኪና የወረደ ሰው ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል፦ እዚያ የሚያስጨንቀው ሞተሩ ሳይሆን ፍሬኑ ነው።

ድሪፍት የሚባለውም ከዚሁ ይመነጫል። ነጂው ፍሬን ሲይዝ የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ጎማዎች ይጫናል፣ የኋላዎቹ ይቀላቸዋል። በዚያች ቅጽበት መሪው ከዞረ የኋላው ክፍል አስፋልቱን ለቆ ወደ ውጭ ይንሸራተታል፤ አፍንጫው ወደ መታጠፊያው ውስጥ ይዞራል። ነጂው መሪውን ወደ ተቃራኒው መልሶ፣ ነዳጁን በልክ እየረገጠ መኪናውን በጎን ያስኬደዋል። በእውነተኛ ውድድር ሜዳ ላይ ይህ አካሄድ ብዙ ጊዜ ፈጣኑ አይደለም፤ ጎማ ይበላል፣ ፍጥነትም ያባክናል። ጠባብና ጠምዛዛ በሆነ የተራራ መንገድ ላይ ግን መኪናውን ቶሎ ማዞር መቻል የራሱ ጥቅም አለው። ጌሙ ደግሞ በዚህ ረገድ ለተጫዋቹ ያደላል፤ ፍሬን ነካ አድርጋችሁ መሪውን ስትጠመዝዙ መኪናው እሺ ብሎ ይንሸራተታል፣ ሲወጣም በቀላሉ ይቃናል። የእውነቱን ዓለም ፊዚክስ የምትፈልጉ ከሆነ ይህ ጌም አይሆናችሁም።

ጌሙ ራሱ ከየት መጣ? ሥሩ ያለው በጃፓን የመጫወቻ አዳራሾች ውስጥ ነው። ሴጋ ሮሶ የተባለው የሴጋ ክፍል፣ ቀደም ሲል «ሴጋ ራሊ»ን በሠራው በኬንጂ ሳሳኪ መሪነት፣ «ኢኒሻል ዲ አርኬድ ስቴጅ» የተባለውን ማሽን አዘጋጀ። ወንበር፣ መሪ፣ ፔዳልና ወደ ላይና ወደ ታች የሚገፋ ማርሽ ያለው ማሽን ነው፤ ሁለት ሁለት ሆነው ጎን ለጎን ይቆማሉ፣ ተጫዋቾችም ፊት ለፊት ሳይተያዩ ይፎካከራሉ። የዘመኑ አዲስ ነገር ካርዱ ነበር። ተጫዋቹ ከማሽኑ ካርድ ይገዛል፤ መኪናው፣ ያገኘው ነጥብ፣ የሞተሩ ማሻሻያ ሁሉ እዚያ ላይ ይመዘገባል፤ በማግስቱ ካርዱን ይዞ ሌላ ከተማ ያለ አዳራሽ ቢሄድ ከቆመበት ይቀጥላል። ካርዱ ግን የተወሰነ ጊዜ ብቻ ያገለግላል፤ ሲያልቅ ሌላ ይገዛል። ለእያንዳንዱ ዙርም ሳንቲም አለ። ሱሱም፣ ወጪውም እዚያ ላይ ነበር።

የፒኤስፒው ቅጂ የተመሠረተው በዚሁ ማሽን ሦስተኛ እትም ላይ ነው። ያ ሁሉ ወንበርና መሪ 480 በ272 ነጥብ ወዳለው ባለ 4.3 ኢንች ስክሪን ተጨምቆ ገባ። ካርዱ በሚሞሪ ስቲክ ተተካ፤ ሳንቲሙም ቀረ። የጠፋው ነገር እንዳለ አልክድም። ማሽኑ ላይ መሪው እጃችሁን ይታገላል፤ ፒኤስፒው ላይ ያለው ከአውራ ጣት ጫፍ በታች የምትንሸራተት አንዲት ትንሽ ክብ ናት። ግን አንድ ነገር አስተውሉ። በዚህ ጌም አንድ ቁልቁለት ወርዶ ለመጨረስ ሦስት ደቂቃ አካባቢ ይበቃል። በአውቶቡስ ወረፋ፣ መብራት በጠፋበት ምሽት፣ ምሳ እስኪቀርብ ድረስ አንድ ዙር ተጫውቶ ማጠፍ ይቻላል። ከመቶ በላይ መንገድ ያላቸው ትልልቅ የእሽቅድድም ጌሞች ለዚህ አይመቹም፤ የአዳራሽ ጌም ግን ከመጀመሪያው የተሠራው ለአጭር ጨዋታ ስለሆነ ኪስ ውስጥ ሲገባ ቦታውን ያገኘ ይመስላል።

አሁን ወደ ቋንቋው። ጌሙ ሲጀመር መኪና ትመርጣላችሁ፣ ስም ትጽፋላችሁ፣ አውቶማቲክ ማርሽ ወይም በእጅ የሚቀየር ማርሽ ትወስናላችሁ። በመጀመሪያ ማወቅ ያለባችሁ የጃፓን ፒኤስፒ ጌሞች ልማድ ከሌላው ዓለም የተገለበጠ መሆኑን ነው፤ «እሺ» የሚለው ክቡ ቁልፍ ሲሆን «ተመለስ» የሚለው ኤክሱ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ምርጫውን ለማጽደቅ ኤክስ እየተጫነ ወደ ኋላ ሲመለስ ይውላል። ከዚህ ውጭ መኪኖቹን በመልካቸው ትለያላችሁ፤ በአብዛኛው የቶዮታ፣ የኒሳን፣ የሆንዳ፣ የማዝዳ፣ የሱባሩና የሚትሱቢሺ ናቸው። ሰዓትና ፍጥነት በምናውቀው ቁጥር ይታያል። የተቀረውን አንድ ምሽት በመነካካት ትደርሱበታላችሁ፤ ዛሬ ደግሞ የስልካችሁን ካሜራ ስክሪኑ ላይ ደግናችሁ ጽሑፉን ማስተርጎም ይቻላል። ትርጉሙ የተዛባ ይሆናል፣ ግን የትኛው ቁልፍ ወደ ውድድር፣ የትኛው ወደ ማሻሻያ እንደሚወስድ ለማወቅ ይበቃል።

ዋናው የጨዋታ ዓይነት የታሪኩን ተፎካካሪዎች አንድ በአንድ እየገጠሙ ማለፍ ነው። ከእያንዳንዱ ውድድር በፊትና በኋላ የገጸ ባሕርዩ ምስል ይመጣና ይናገራል። ጃፓንኛ የማትችሉ ሰዎች የምታጡት ይህንን ነው። አኒሜውን ያየ ሰው ግን ብዙም አይጎዳም፤ ምስሉን ሲያይ ማን እንደሆነና በምን ልብ እንደመጣ ያውቃል። ቢጫ ማዝዳ አርኤክስ-7 ይዞ የሚመጣው ኬይሱኬ ታካሃሺ ነው፤ ትዕቢተኛና ችኩል፣ በመጀመሪያው የአኪና ውድድር በቶፉ አመላላሽ የተቀደመ። ወንድሙ ርዮሱኬ ነጭ አርኤክስ-7 ይነዳል፣ ውድድርን በስሌት የሚያይ ሰው ነው። ጥቁሩ ስካይላይን የሚዮጊው ታኬሺ ናካዛቶ ነው። ኡሱይ ላይ ማኮና ሳዩኪ የሚባሉ ሁለት ሴቶች በአንድ ሰማያዊ መኪና ይጠብቋችኋል። የኢሮሃዛካው ኪዮይቺ ሱዶ ሚትሱቢሺ ላንሰር ኢቮሉሽን ይነዳል፤ በአኒሜው ታኩሚ ከእሱ ጋር አካጊ ላይ ሲወዳደር የኤኢ86 ሞተር ፈንድቶ ቀርቷል። ይህን የሚያስታውስ ተጫዋች ላንሰሩን ሲቀድም የሚሰማው ደስታ ከጌሙ የመጣ አይደለም፤ ከታሪኩ ያመጣው ነው።

ለዚህ ነው ጌሙን ከመግዛታችሁ በፊት አኒሜውን እዩ የምለው። የ1998ቱ የመጀመሪያው ክፍል 26 ምዕራፍ አለው፣ ቀጣዩ የ1999 ደግሞ 13። በኮምፒውተር የተሠሩት መኪኖች ለዛሬ ዓይን ሻካራ ናቸው፣ የሰዎቹ ፊትም አንዳንድ ጊዜ ያስቃል። ግን መንገዱን ያስተምራል፤ የትኛው መታጠፊያ ላይ ማን ተቀደመ የሚለው በአእምሮ ይቀራል። በ2023 የጀመረውን «ኤምኤፍ ጎስት» የተባለውን ተከታይ አኒሜ አይተው ወደ አሮጌው የተመለሱ ወጣቶችም ብዙ ናቸው፤ እዚያ ያለው ጀግና ታኩሚ ያሠለጠነው ልጅ ነው።

መንገዶቹን ትንሽ ላስተዋውቅ፣ ምክንያቱም የጌሙ እውነተኛ ገጸ ባሕርያት እነርሱ ናቸው። ለጀማሪ ሚዮጊ ይሻላል፤ ይቅር ባይ ነው። አካጊ ላይ ፍጥነት አለ፣ ግን ፍጥነቱ ድንገት ወደ ስለታም መታጠፊያ ይጥላችኋል። አኪና ሁሉም ሰው የሚሸመድደው ቁልቁለት ነው፤ ወደ መጨረሻው አካባቢ አምስት ጥምዝ መታጠፊያዎች በተከታታይ ይመጣሉ። በታሪኩ ታኩሚ የውስጥ ጎማዎቹን መንገዱ ዳር ወዳለው የውሃ ቦይ ከትቶ፣ ቦዩ እንደ ሐዲድ እንዲይዘው እያደረገ የሚቀድመው በእነዚህ ላይ ነው። ኢሮሃዛካ 48 መታጠፊያዎች ያሉት ታዋቂ መንገድ ነው፤ በእውነተኛው ቦታ እያንዳንዱ መታጠፊያ በጥንቱ የጃፓን የፊደል ተራ አንዳንድ ፊደል ተሰጥቶታል፣ መውጫውና መውረጃውም የተለያዩ የአንድ አቅጣጫ መንገዶች ናቸው። ጌሙ ላይ ኢሮሃዛካን ስትወርዱ እፎይ የምትሉበት ቀጥታ መንገድ አታገኙም። ሃፖጋሃራና ሾማሩ ከዚህ በኋላ የሚመጡ ናቸው፤ ሾማሩ ጠባብ ስለሆነ መቅደሚያ ቦታ መፈለግ ራሱ ሥራ ነው።

ለአዲስ ተጫዋች አንድ ምክር ብቻ ቢፈቀድልኝ፦ ግድግዳውን አትንኩ። የዚህ ጌም ቅጣት ከመጋጨቱ ይልቅ ከግጭቱ በኋላ ነው፤ መኪናው ለአፍታ ጉልበቱን ያጣል፣ ቁልቁለት ላይ ያን አፍታ መልሶ ማግኘት ከባድ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለድሪፍቱ ውበት ብላችሁ ከመንሸራተት፣ ቀደም ብላችሁ ፍጥነት ቀንሳችሁ፣ ከውጭ ገብታችሁ፣ የመታጠፊያውን የውስጥ ጥግ ነክታችሁ፣ ወደ ውጭ ውጡ። ከዚያ አንድ መንገድ ምረጡና ከሰዓት ጋር ብቻ የምትወዳደሩበትን ክፍል ክፈቱ። የሰው መኪና በሌለበት ያንኑ ቁልቁለት ደጋግማችሁ ስትወርዱ መታጠፊያዎቹ ከመታየታቸው በፊት እጃችሁ ማወቅ ይጀምራል። ይህ ነገር የሚሰለቸው ሰው አለ፤ ለእሱ ጌሙ በሁለት ቀን ያልቃል። ለሌላው ግን ከሰዓቱ ላይ ግማሽ ሰከንድ መቀነስ ራሱን የቻለ ድል ነው።

ስለ መኪና ምርጫ ብዙ ክርክር አለ። ኤኢ86 የሁሉም የልብ ምርጫ ነው፣ ቀላልነቱም ለመማር ይረዳል። ጉልበት ካላቸው፣ አራቱም ጎማ ከሚገፋቸው መኪኖች ጀምሮ መማር ግን መጥፎ ልማድ ያስይዛል፤ የተበላሸውን መታጠፊያ በሞተር ጉልበት እያካካሱ መሄድ ይለመዳል። ከውድድር በሚገኘው ነጥብ የሚጨመሩት ማሻሻያዎች ደረጃ በደረጃ ናቸው፤ ጽሑፉን ባታነቡም መኪናው መለወጡ ይሰማችኋል። ከሁሉም በላይ የሚቆየው ፈተና ከታኩሚ አባት ጋር የሚደረገው ውድድር ነው። ቡንታ ሰማያዊ ሱባሩ ኢምፕሬዛ ይዞ ይመጣል፤ ስታሸንፉት ደግሞ በረታ ብሎ ይመለሳል። ሽማግሌው ሲጋራውን አፉ ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፈን እንዳደረገ ጥሏችሁ ሲሄድ መናደድ ያለ ነው።

ሙዚቃውን ሳልጠቅስ ባልፍ አድናቂዎች አይምሩኝም። ከመኪኖቹ ጩኸት በላይ የሚሰማው ዩሮቢት ነው፦ ፈጣን፣ በሲንተሳይዘር የሚነዳ፣ በእንግሊዝኛ የሚዘፈን የዳንስ ሙዚቃ። ዘፈኖቹን የሠሩት በአብዛኛው ጣሊያናውያን ናቸው። በገዛ አገራቸው ጊዜው ካለፈበት በኋላ እንኳን አቬክስ የተባለው የጃፓን ኩባንያ «ሱፐር ዩሮቢት» በሚሉ ተከታታይ አልበሞች ለጃፓን ወጣቶች ሲሸጠው ኖሯል። ዴቭ ሮጀርስ በሚል ስም የሚዘፍነው ጃንካርሎ ፓስኩዊኒ በጣሊያን ጎዳና ላይ ቢያልፍ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው፤ በኢኒሻል ዲ አድናቂዎች ዘንድ ግን ስሙ ከታኩሚ አይተናነስም። አኒሜው በአሜሪካ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ሲወጣ አከፋፋዩ ይህን ሙዚቃ አውጥቶ በሌላ ተካው፣ የገጸ ባሕርያቱንም ስም አሳጠረ፤ ታኩሚ «ታክ» ሆነ። ብዙ ሰው አልወደደውም። የጃፓኑን ዲስክ ያስመጣ ሰው ስሞቹንም ዘፈኖቹንም እንደነበሩ ያገኛል፤ ጃፓንኛ አለማንበቡ ለእሱ የዚህ ዋጋ ነው።

ማስመጣቱ ራሱ የሚቻለው በአንድ ቴክኒካዊ ምክንያት ነው። የፒኤስፒ ጌሞች በአካባቢ አይታገዱም፤ የጃፓን ዲስክ አውሮፓ በተገዛ ፒኤስፒ ላይ ይሠራል። በዚያው ዓይነት ትንሽ ዲስክ ይሸጡ የነበሩት ፊልሞች ግን ይታገዱ ነበር። ሶኒ ፒኤስፒን በጃፓን ገበያ ላይ ያዋለው በዲሴምበር 2004፣ በአውሮፓ ደግሞ በሴፕቴምበር 2005 ስለነበር፣ በመካከሉ መጠበቅ ያቃታቸው ሰዎች ከእስያ ያስመጡ ነበር። ሶኒ ይህን አልወደደም። ሊክ-ሳንግ የተባለውን የሆንግ ኮንግ መደብር ፒኤስፒ ለአውሮፓ በመሸጡ ለንደን ላይ ከሰሰው፤ መደብሩም በኦክቶበር 2006 ተዘጋ፣ ይህ ጌም በወጣ በስምንት ወሩ ማለት ነው። የታገደው ግን መሣሪያውን ማስመጣት እንጂ ጌሙ በመሣሪያው ላይ መሥራቱ አልነበረም።

ዛሬ መግዛት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚያየው መሣሪያውን ነው። የፒኤስፒ 1000፣ 2000 እና 3000 ሞዴሎች ዲስኩን ይቀበላሉ። ፒኤስፒ ጎ የዲስክ ማስገቢያ ስለሌለው አይሆንም፤ ፒኤስ ቪታም እንዲሁ። በ2011 በርካሽ የወጣው ኢ1000 ሞዴል ዲስክ ይይዛል፣ ነገር ግን ዋይፋይ ስለሌለው ከጓደኛ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ በገመድ አልባ መወዳደር አይቻልበትም፤ የዚህ ጌም ግማሽ ጣዕሙ ደግሞ እዚያ ነው። ያገለገለ ፒኤስፒ ስትገዙ የጀርባውን ክዳን ከፍታችሁ ባትሪውን ተመልከቱ፤ የእነዚህ መሣሪያዎች ባትሪ ከዕድሜ ብዛት ስለሚያብጥ፣ ያበጠውን አውጥቶ መጣልና አዲስ መግዛት ያስፈልጋል። ዲስኩ ያለበት ፕላስቲክ ቅርፊትም አንዳንዴ ከመጋጠሚያው ይለቃል፣ በዚያ ምክንያት ብቻ የማይነበብ ከሆነ ቅርፊቱን መለወጥ ይበቃል። ሚሞሪ ስቲኩን አትርሱ፤ ያለ እሱ የሸመደዳችሁት መንገድ እጃችሁ ላይ ቢቀርም ያሸነፋችሁት ሁሉ መሣሪያው ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

በመሣሪያው ላይ መጫወት ካልፈለጋችሁ የፒኤስፒን ጌም በአንድሮይድ ስልክ የሚያጫውት ፒፒኤስኤስፒፒ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ ጌሙ ራሱ ግን ነጻ አይደለም፣ ከገዛችሁት ዲስክ መቅዳት ይኖርባችኋል። መካከለኛ ስልክ ይበቃዋል፣ ምስሉም ከዋናው የጠራ ይሆናል። ችግሩ ጣት ነው። በመስታወት ላይ የተሣለ ቁልፍ መጫኑ ስለማይሰማ፣ ኢሮሃዛካ ላይ ስትደርሱ አውራ ጣታችሁ ከቁልፉ ወጥቶ አጥሩ ውስጥ ትገባላችሁ። በብሉቱዝ የሚገናኝ የጨዋታ መቆጣጠሪያ ብታገኙ ከዚያ ትድናላችሁ፤ ካልሆነም በአውቶማቲክ ማርሽ ጀምሩ፣ ጣታችሁ የሚከታተለው ነገር በአንድ ይቀንሳል።